የጋራው ዓለም የዘመን አቆጣጠር፣ በዓላትና ጨዋታዎች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ሐሳብ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በጋራ ለምንጽፍበት የምናብ ዓለም የዘመን አቆጣጠር፣ የበዓላትና የጨዋታዎች ሰነድ አዘጋጅተን ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ ይጠበቅብናል። ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ በዚህ ዓለም ውስጥ ታሪክ የሚጽፍ አባል ሁሉ የሚመራበት ይሆናልና፣ ዛሬ በችኰላ የምናስገባው ነገር ነገ የሌላውን ጸሐፊ እጅ ያስራል። እስካሁን የጸደቀው ይህ ብቻ ነው፦ ዓለሙ አንዲት ፀሐይና አንዲት ጨረቃ አለው፤ አንድ ትልቅ ወንዝ ከተራራ ወርዶ ባሕር ይገባል፤ በወንዙ ዳር ገበሬዎች፣ በባሕሩ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ይኖራሉ፤ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ የንግድ ከተማ ተቆርቁራለች። ከዘመን አቆጣጠሩ ብንጀምር የቀረው ከእርሱ የሚመዘዝ ይመስለኛል።

የሰማይ ስሌት ክፍል ተጠሪ፦

ለክፍላችን አስቀድሞ የደረሰው ሐሳብ ዓመቱ 360 ቀን፣ ወሩም 30 ቀን እንዲሆን የሚጠይቅ ነበር። ለማስላት እጅግ ይቀላል፤ ነገር ግን ፀሐይና ጨረቃ እንዲህ ፍጹም የሚስማሙበት ሰማይ ለሕዝቦቹ የሚከራከሩበት ነገር አይተውላቸውም። የምንኖርባትን ምድር ብንመለከት፣ ዓመቱ ከ365 ቀን ከሩብ በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ ከአንዷ ሙሉ ጨረቃ እስከ ቀጣይዋ ደግሞ 29 ቀን ተኩል ያህል ያልፋል፤ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ተደምረው 354 ቀን ገደማ ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ይጎድላሉ። የዓለም ሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የለያየው ይህ ጉድለት ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ነው። የእስልምና አቆጣጠር ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል በዓላቱ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራሉ። የአይሁድ አቆጣጠር በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር እየጨመረ በዓላቱን ከወቅታቸው ጋር ያቆያል። የጥንት ግብፃውያን የመንግሥት አቆጣጠር ደግሞ የሰማይዋን ጨረቃ ትቶ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ባለ 30 ቀን ወራትና በአምስት ትርፍ ቀናት ከፈለው።

ስለዚህ የእኛም ሰማይ እንዳይስማማ ሆን ብለን ብናደርገው ይሻላል። የምናቀርበው ቁጥር ይህ ነው፦ የፀሐይ ዓመት 380 ቀን፣ የጨረቃ ወር 33 ቀን። አሥራ አንድ ወራት 363 ቀን ይሆናሉና በየዓመቱ 17 ቀን ይተርፋል። በ33 ዓመት ውስጥ ትርፉ ተጠራቅሞ 561 ቀን፣ ማለትም ልክ 17 ወር ይሞላል፤ ፀሐይና ጨረቃም በዚያን ጊዜ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ሕዝቦች በዚሁ ሰማይ ሥር ሦስት ዓይነት መልስ ይስጡ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጨረቃን ብቻ፣ ገበሬዎቹ ፀሐይን ብቻ ይከተሉ፤ ከሁለቱም ጋር የምትገበያየው ከተማ ግን ወር እየጨመረች ታስታርቃቸው።

አዲስ አባል፦

ለክፍሉ ሥራ ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ ልግለጽ። ጥያቄዬ ስለ አንባቢው ነው። ሦስት አቆጣጠር በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲገባ አንባቢው ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ አይኖርበትምን?

የሰማይ ስሌት ክፍል ተጠሪ፦

አይኖርበትም፤ ይህም በሰነዱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ስሌቱ ጸሐፊው እንዳይሳሳት የሚጠብቀው እንጂ ለአንባቢው የሚቀርብ አይደለም። አንባቢው የሚሰማው አንዲት የገበሬ ልጅ ለዓሣ አጥማጁ ባሏ እናት፣ «እናንተ ዘንድሮ በዓላችሁን በማዕበል ወቅት ልታከብሩ ነው እንዴ?» ስትል ነው። ከተማዋ የምትጽፈው ውል በሁለት አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ቢይዝ በቂ ነው፤ በአውሮፓም የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1582 ታውጆ ብሪታንያ እስከ 1752 ሳትቀበለው በቆየችበት ዘመን፣ ድንበር ተሻጋሪ ደብዳቤዎች ሁለት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍባቸው ነበር።

የበዓላት ክፍል ተጠሪ፦

ይህን የቁጥር አሠራር ክፍላችን በደስታ ይቀበላል፤ በዓላቱም ከውስጡ ይወለዳሉ የሚል እምነት አለን። ከዓሣ አጥማጆቹ ልጀምር። ጨረቃ ስትጠፋና ስትሞላ የፀሐይና የጨረቃ ስበት ስለሚተባበር ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ከፍ ብሎ ይሞላል፣ ዝቅ ብሎም ይጎድላል። እንግዲህ በዓመታቸው የመጀመሪያ ወር፣ ጨረቃ በጠፋችበት ሌሊት፣ ባሕሩ ከዳርቻው ርቆ በሌላ ጊዜ የማይታየው ዓለት ሲገለጥ፣ ሕዝቡ መብራት ይዞ በባሕሩ ወለል ላይ ይሂድ። በባሕር የቀሩ ዘመዶቻቸውን በዚያ ዓለት ላይ በስም ይጥሩ፤ ውኃው ሳይመለስም ይመለሱ። ቀብር ለሌለው ሟች መቃብር የሚሆነው ያ ዓለት ነው።

በዓሉ በየዓመቱ ከወቅቱ 17 ቀን ቀድሞ ስለሚውል አንዳንድ ትውልድ በጸጥተኛ ባሕር፣ አንዳንዱም በማዕበል ወቅት ያከብረዋል። ከ22 ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል በዓሉ ወደ ነበረበት ወቅት ይመለሳል። በተወለደበት ዓመት በዓሉ በዋለበት ወቅት ላይ በዓሉ እንደገና ሲውል ያየ ልጅ «ዙሩን የሞላ» ተብሎ ለአካለ መጠን እንደ ደረሰ ይቈጠር የሚል ሐሳብ እናቀርባለን።

አንጋፋ አባል፦

የዓለቱ በዓል ልቤን ነክቶኛል፤ እንዳለ ይጽደቅ እላለሁ። የአካለ መጠኑን ነገር ግን ልናስብበት ይገባል። ከባሕር የሚኖር ሰው ገና በልጅነቱ መረብ ይስባል፤ ታዲያ እስከ 22 ዓመቱ ልጅ ነህ ቢባል የሚቀበል ማን ነው? ዙሩን የሞላ ሰው የራሱን ጀልባ የማዘዝ መብት ያግኝ ቢባል ግን ስሜት ይሰጣል፤ ባሕሩን በሁሉም ወቅት በበዓሉ ሌሊት በእግሩ የረገጠ ሰው ነውና ሌሎች ነፍሳቸውን አደራ ሊሰጡት ይችላሉ።

የበዓላት ክፍል ተጠሪ፦

የአንጋፋው አባላችን ማሻሻያ ከእኛ ሐሳብ የተሻለ ነው፤ እንቀበለዋለን።

ወደ ገበሬዎቹ ልለፍ። 380 ቀን ለባለ 21 ቀን ወራት ሲከፈል 18 ወራትና ሁለት ትርፍ ቀናት ይሰጠናል። ወሩም በሦስት ባለ ሰባት ቀን ሳምንታት ይከፈላል። እነዚያ ሁለት ቀናት የየትኛውም ወር አይደሉም። ስለ ትርፍ ቀናት ሰዎች ያሰቡት እንዴት እንደሚለያይ ማየት ያስፈልጋል፦ ግብፃውያን አምስቱን ቀናት የኦሳይረስ፣ የሆረስ፣ የሴት፣ የአይሲስና የኔፍቲስ ልደት አድርገው ሲያከብሩ፣ ማያዎች በ18 ባለ 20 ቀን ወሮቻቸው መጨረሻ ላይ የሚተርፉትን አምስት ቀናት አደገኛ ጊዜ አድርገው ይፈሯቸው ነበር። አንዱ የተቀደሰ፣ ሌላው የተረገመ አደረገው። የእኛ ገበሬዎች ሁለቱንም ይያዙ ብለናል፤ የመጀመሪያው ቀን የዝምታ ይሁን፣ እሳት አይነድ፣ የመስኖ ቦይም አይከፈት። ሁለተኛው ቀን ደግሞ የደስታ ይሁን፣ ማንም ሰው ዕዳ አይጠየቅበት።

አዲስ አባል፦

ከወር ውጭ የሆነ ቀን በውል ላይ የሚጻፍ የወር ስምና ቍጥር የለውምና በዚያ ቀን የተጻፈ ውል ሊጸና አይችልም ማለት ነው? በዚያ ቀን የተወለደ ልጅስ ዕድሜው ከየት ይቈጠራል?

የበዓላት ክፍል ተጠሪ፦

ጥያቄው ሁለት ታሪክ ሊወጣው የሚችል ነውና ሰነዱ ሆን ብሎ ክፍት እንዲተወው እንፈልጋለን። ውሉ አይጸናም የሚለው ግን ይጽደቅ፤ የከተማው ነጋዴ ይህን ሕግ ሳያውቅ በሁለተኛው ቀን እህል ቢገዛ የሚሆነውን እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ፈቀደ ይጻፈው።

አንጋፋ አባል፦

በሁሉም በዓል ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ በበዓሉ ቀን የሚሠራው ማን ነው? በምናብ ዓለማት ውስጥ ያሉ ብዙ በዓላት ባዶ የሚመስሉኝ ሁሉም ሰው በአንድ ላይ ስለሚጨፍር ነው። በበዓል ቀንም ከብት ውኃ ይጠጣል፣ ሕፃን ይወለዳል፣ ጀልባ ያሻግራል። በሮማውያን የሳተርናሊያ በዓል ጌቶች ከባሪያዎቻቸው ጋር ማዕድ ይጋሩ፣ እነርሱንም ያገለግሉ እንደ ነበር ተጽፏል፤ በዓሉ ሲያልፍ ግን የቀድሞው ሥርዓት ይመለስ ነበር። በዓል ስለ አንድ ማኅበረሰብ የሚነግረን በዚያ ቀን የሚለወጠውን ብቻ ሳይሆን የማይለወጠውንም ነው። የሶቪየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1929 ፋብሪካዎች እንዳይቆሙ ብሎ ሠራተኞችን በአምስት ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ የተለያየ የዕረፍት ቀን በሰጠ ጊዜ፣ ባልና ሚስት አብረው የሚያርፉበት ቀን እስከ ማጣት ደርሰው ነበር። በ1940 የሰባት ቀኑ ሳምንት ተመለሰ። በዓልን በዓል የሚያደርገው አብሮ ማረፍ ከሆነ፣ ከአብሮነቱ ውጭ የሚቀረውን ሰው ስም ልናውቀው ይገባል።

አስተባባሪ፦

ጥያቄው በሰነዱ ውስጥ ለየበዓሉ የግዴታ አንቀጽ ሆኖ ይግባ። አሻጋሪዎችን በሚመለከት የማቀርበው ሐሳብ፣ በገበሬዎቹ የደስታ ቀን የሠራ አሻጋሪ በማግስቱ፣ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ የተሻገሩት ሁሉ እየመጡ እርሱን በጀልባው ላይ አስቀምጠው እንዲቀዝፉለት ነው። ወደ ከተማዋ እንሂድ።

የሰማይ ስሌት ክፍል ተጠሪ፦

የከተማዋ በዓል መጠነኛ ይሁን፤ ክብደቱ ያለው በሥልጣኑ ላይ ነው። በ33 ዓመት ውስጥ 17 ጊዜ አንድ ወር ይጨመራል፤ የሚጨመርበትን ዓመት የሚያውጀው ማን ነው? ተጨማሪ ወር ያለበት ዓመት 363 ሳይሆን 396 ቀን ይሆናል። ለዓመት የተሾመ ሹም 33 ቀን ተጨማሪ ይገዛል፤ በዓመት ኪራይ የሚኖር ተከራይ 33 ቀን ያለ ክፍያ ይቀመጣል፤ አበዳሪው ገንዘቡን በ33 ቀን ዘግይቶ ያገኛል። በጥንቷ ሮም ወር የመጨመር ሥልጣን በካህናቱ እጅ ስለ ነበር ወዳጆቻቸው በሥልጣን እንዲቆዩ ዓመቱን ያስረዝማሉ፣ ጠላቶቻቸውንም ለመጉዳት ያሳጥራሉ ተብለው ይከሰሱ ነበር፤ ዩልዮስ ቄሳር አቆጣጠሩን ሲያስተካክል ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው 46ኛው ዓመት 445 ቀን እንዲኖረው ግድ ሆነ። ስለዚህ በከተማችን የጨረቃ ቆጣሪዎች ጉባኤ ይኑር፤ ወሩ ይጨመር ወይም አይጨመር የሚለው በሚታወጅበት ምሽት ሕዝቡ በአደባባይ ተሰብስቦ ይጠብቅ። ይህ ምሽት የከተማዋ ትልቁ በዓል ነው፤ በአንድ አደባባይ ላይ የሚደሰቱና የሚያዝኑ ሰዎች ጎን ለጎን የሚቆሙበት።

የጨዋታዎች ክፍል ተጠሪ፦

የእኛ ክፍል ሐሳብ አጭር ነው፤ ብዙ ጨዋታ ከመፍጠር አንድ ጨዋታ በሦስቱ ሕዝቦች ዘንድ ሲለዋወጥ ማሳየት ይበቃል ብለናል። ቼዝ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ አውሮፓ ሲደርስ የንጉሡ አማካሪ የነበረው ቁራጭ ንግሥት ሆነ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ከሁሉ የበረታ ሆነ። ጨዋታው የተጫዋቹን ዓለም መልክ ይይዛል ማለት ነው።

የምናቀርበው የወንዝ ጉዞ ጨዋታ ነው፦ ሁለት ተጫዋቾች ጠጠሮቻቸውን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ያወርዳሉ። ገበሬዎቹ ሰሌዳውን በመሬት ላይ ይቆፍሩታል፣ ዕጣውንም በበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይጥላሉ፤ ይህ አጥንት ከግሪክ እስከ ሞንጎልያ ለጨዋታ ያገለገለ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በዛጎል ይጥላሉ፣ ጠጠሩም ባሕር ከደረሰ በኋላ ወደ ምንጩ መመለስ አለበት፤ ለእነርሱ ባሕር የጉዞ መጨረሻ አይደለምና። በከተማዋ በገንዘብ ይጫወቱታል። በሮም ቁማር በሕግ የተከለከለ ሲሆን በሳተርናሊያ ቀናት ግን ይፈቀድ እንደ ነበር ሁሉ፣ ገበሬዎቹም በዕዳ አልባው ቀን ብቻ በውርርድ እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው። በዚያ ቀን የተሸነፈ ሰው ግን ያው ዕዳ አይጠየቅም፤ ክብሩን ብቻ ያጣል።

ስለ ደንቡ አንድ ነገር ልጨምር። በጥንቷ የሜሶጶታምያ ከተማ በኡር መቃብሮች የተገኘው የሰሌዳ ጨዋታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 ገደማ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ስለ አጨዋወቱ የምናውቀው የብሪታንያ ሙዚየም ተመራማሪ አይርቪንግ ፊንክል ካነበቡት፣ በ177 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተጻፈ የባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ ነው። ሰዎች የሚያውቁትን ጨዋታ ደንብ ብዙ ጊዜ አይጽፉም። በእኛም ዓለም የተጻፈ ደንብ አይኑር፤ በየመንደሩ የሚለያይ፣ እንግዳ ሰው ሁሉ ከመጫወቱ በፊት የሚከራከርበት ይሁን።

አዲስ አባል፦

እስማማለሁ። የጨዋታው መጨረሻ በከተማዋ ላይ እንዴት እንደሚሆን ግን ሰነዱ አልገለጸም።

የጨዋታዎች ክፍል ተጠሪ፦

በከተማዋ ባሕር የደረሰ ጠጠር ለባለቤቱ ይከፍላል፤ ቀሪውን ደንብ እርስዎ አርቅቀው ቢያቀርቡልን ክፍላችን ደስ ይለዋል።

አስተባባሪ፦

እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው ዋና አንቀጽ እንዲህ ተረቅቋል፦ «የዓለሙ ዓመት 380 ቀን፣ የጨረቃዋ ወር 33 ቀን ነው። ዓሣ አጥማጆች ባለ 11 ወር ዓመት፣ ገበሬዎች ባለ 18 ወርና ባለ ሁለት ትርፍ ቀን ዓመት፣ ከተማዋ ደግሞ በጉባኤ ውሳኔ የሚጨመር ወር ያለው ዓመት ይቈጥራሉ። አዲስ በዓል የሚያስገባ አባል በዓሉ ከየትኛው አቆጣጠር እንደ ወጣ፣ ማን እንደሚያከብረውና በዕለቱ ማን እንደሚሠራ ይገልጻል።»

አንጋፋ አባል፦

«ማን እንደሚያከብረው» ከሚለው ቀጥሎ «ማን ለማክበር እንደማይፈልግ» የሚል ይጨመር። በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሁለት መንደሮች በአንድ ቀን አንዱ ድልን፣ ሌላው ሐዘንን ሊያስብ ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ሰነድ እንዳይሆንብን።

አስተባባሪ፦

ተጨምሯል። ተቃውሞ ያለው አባል ካለ ሐሳቡን በጽሑፍ ያቅርብ፤ የሰማይ ስሌት ክፍል የ33 ዓመቱን ሠንጠረዥ፣ የተጨማሪ ወራቱን ቦታ ለይቶ፣ ከአንቀጹ ጋር እንዲያያይዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።