ክርክር፦ አንዱን ቲሸርት በ12 ገጽ መሸጥ ልክ ነው?

ልብስ ሻጯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኦንላይን ሱቄን ስከፍት እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ነበር የጫንኩት። ጥቁር ቲሸርት ትንሹ ሳይዝ አንድ ገጽ፣ መካከለኛው ሌላ ገጽ፣ ነጩም እንደዚሁ። አሁን አንድ ዓይነት ቲሸርት በ12 ገጽ ተበትኗል። 3 ቀለም በ4 ሳይዝ ማለት ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ሁሉንም አንድ ምርት አድርጊውና ሳይዝና ቀለሙን ገዢው እዚያው ይምረጥ" ይለኛል። እኔ ግን ፈራሁ። አንዳንዶቹ ገጾች ጎግል ላይ ጥሩ ቦታ ይዘዋል፤ የገዢ አስተያየትም አላቸው። ላዋህድ ወይስ እንዳለ ልተወው?

ጫማ ሻጩ፦
አዋህጂ እህቴ፣ አታመንቺ። እኔም ሳይዞቹን ለየብቻ አድርጌ ነበር። ገዢው የ39ን ገጽ ይከፍታል፣ "አልቋል" ይለዋል፣ ወጥቶ ይሄዳል። 40 መኖሩን በምን ይወቅ? አንድ ገጽ ሲሆን ያለውም ያለቀውም ቁጥር ፊቱ ላይ ነው። ደግሞ ልፋቱን አስቢው። ዋጋ ስትቀይሪ 12 ጊዜ መቀየር ነው፤ አንዱ መረሳቱ አይቀርም። እኔ ረስቼ የአንድ ሳይዝ ዋጋ የድሮው ሆኖ ቀረ። ከደንበኛ ጋር ተጣላሁ።

የስልክ ከቨር ሻጩ፦
ሳይዝ ላይ እስማማለሁ። ቀለምና ሥዕል ግን ሌላ ነገር ነው። አበባ ያለበት ከቨር የሚፈልግ ሰው ዝም ብሎ "ከቨር" አይልም። አበባውን ነው የሚፈልገው። እኔ ሥዕሎቹን ሁሉ አንድ ገጽ ውስጥ ሳስገባቸው፣ የዕቃዎቹ ዝርዝር ላይ የሚታየው አንድ ፎቶ ብቻ ሆነ። ሌሎቹን የሚያያቸው ጠፋ፣ ሽያጬም ቀነሰ። መልሼ ለያየኋቸው። አሁን እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ ገጽ አለው፤ ገጹ ውስጥ የሚመረጠው የስልኩ ሞዴል ብቻ ነው።

ደግሞ አማራጭ ይባዛል። 20 ሥዕል በ30 ሞዴል 600 ነው። የኦንላይን ሱቅ መክፈቻው ሾፒፋይ ለረጅም ጊዜ በአንድ ምርት ከ100 አማራጭ በላይ አይፈቅድም ነበር። አሁን እስከ 2,048 ይፈቅዳል። ቦታ አለ ተብሎ ሁሉን እዚያ ማጨቅ ግን ገዢውን ማድከም ነው።

ድረ ገጽ ሠሪው፦
ስለ ጎግሉ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቦታሽን የሚያሳጣሽ ማዋሃዱ አይደለም። የድሮውን ሊንክ ዝም ብሎ መሰረዙ ነው። ከ12ቱ ብዙ ጎብኚ ያለውን ገጽ ምረጪና አማራጮቹን እሱ ላይ ጨምሪ። የቀሩትን 11 ሊንኮች በ301 ሪዳይሬክት ወደ እሱ አዙሪያቸው። 301 "ይህ ገጽ ለዘለቄታው ወደዚህ ተዛውሯል" ማለት ነው፤ የገዢውም ብሮውዘር ጎግልም ይከተሉታል። ወደ ሱቁ መነሻ ገጽ ግን እንዳታዞሪ። ጥቁር ቲሸርት ብሎ የመጣ ሰው መነሻ ገጽ ላይ ቢያርፍ ግራ ይገባዋል።

ሌላው፣ ምርቱ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ሊንክ ሊኖረው ይችላል። ሲከፈት ቀለሙ ተመርጦ ይመጣል። ጎግልም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ፕሮዳክት ግሩፕ የሚባለውን ኮድ ያነባል። "እነዚህ ሁሉ የአንድ ዕቃ መልኮች ናቸው" ብለሽ የምትነግሪው በዚያ ነው። ስለዚህ በአግባቡ ከተሠራ ጎግል አያሳስብሽ። ገዢው ምን ብሎ እንደሚመጣ ነው ማሰብ ያለብሽ።

ልብስ ሻጯ፦
አስተያየቶቹስ? ጥቁሩ ብዙ ጥሩ አስተያየት አለው፣ ነጩ ምንም የለውም። ካዋሃድኩ ለነጩም ሊቆጠርለት ነው?

ጫማ ሻጩ፦
ታዲያ ምን ችግር አለው? ጨርቁ አንድ፣ ስፌቱ አንድ!

ገዢ፦
እኔ ሻጭ አይደለሁም፤ ግን ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቀለም ብቻ ከሆነ የተለየው ይሁን። አንዴ ግን ኮከቡን አምኜ አንድ ዕቃ ገዛሁ። በሳምንቱ ተበላሸ። ተመልሼ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ሳነብ ስለ ሌላ ዕቃ ነበር የሚያወሩት። ሻጩ አዲሱን ዕቃ የአሮጌው "አማራጭ" አድርጎ አስገብቶታል። ይህ ማታለል ነው። ጨርቁ ከተለወጠ፣ ፋብሪካው ከተለወጠ፣ እባካችሁ አዲስ ገጽ ክፈቱለት።

ድረ ገጽ ሠሪው፦
ትክክል። ይህ በሕግም ያስጠይቃል። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቫይታሚን የሚሸጠውን ባውንቲፉል የተባለ ኩባንያ በዚሁ ጉዳይ ከሰሰው። ክሱ፣ ኩባንያው አማዞን ላይ አዳዲስ ምርቶቹን ከታወቁት ጋር እንደ አማራጭ አያይዞ የነባሮቹን ኮከብና አስተያየት አጋራቸው የሚል ነበር። 600,000 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ።

የስልክ ከቨር ሻጩ፦
እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። "አማራጭ" የሚባለው በእውነት አንድ የሆነ ዕቃ ነው።

መጋዘን ሠራተኛዋ፦
ሁላችሁም ስለ ገጹ ታወራላችሁ። ዕቃውን ከመደርደሪያ የምናወርደውስ? እህቴ፣ ስታዋህጂ የዕቃዎቹን ኤስኬዩ፣ ማለትም የዕቃ መለያ ኮዳቸውን፣ አትንኪ። እያንዳንዱ ሳይዝና ቀለም የራሱ ኤስኬዩና የራሱ ባርኮድ ይኑረው። ምርቱ አንድ ሆነ ተብሎ አንድ ኮድ ከተሰጠው ጥቁር ያዘዘ ሰው ነጭ ይደርሰዋል። እኔ ጋ ደርሷል፤ ስንት ጥቅል እንደተመለሰ አትጠይቁኝ። ያልተላኩ ትዕዛዞችሽንም አስቀድመሽ ጨርሺ። የድሮዎቹን ምርቶች ደግሞ አትሰርዢ፣ ከሽያጭ አውጥተሽ ብቻ አስቀምጫቸው። ያለፈው ሽያጭሽ በእነሱ ስም ነው የተመዘገበው፤ ነገ ምን ያህል ሸጥኩ ስትዪ ያስፈልግሻል።

ጫማ ሻጩ፦
ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ቀለም ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ጥቁሩን የከፈተ ሰው ነጩን አይቶ ሁለቱንም ሲወስድ ስንቴ አይቻለሁ!

የስልክ ከቨር ሻጩ፦
ለዚያ እኮ ማዋሃድ አያስፈልግም። ሦስቱን የቀለም ገጾች እርስ በርስ በትንንሽ የቀለም ክቦች ማያያዝ ይቻላል። ክቡን ሲነካ ወደ ነጩ ገጽ ይሄዳል። ሦስቱም ፎቶዎች ዝርዝሩ ላይ እንደታዩ ይቀጥላሉ።

ልብስ ሻጯ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ 12ቱን ወደ 3 አወርዳለሁ። ሳይዞቹን አንድ አድርጌ ቀለሞቹን ለጊዜው ለየብቻ እተዋቸውና በክቦቹ አያይዛቸዋለሁ። ጥቁሩ አስተያየቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ነጩ የራሱን ይሰብስብ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ድረ ገጽ ሠሪው፦
ከመጀመርሽ በፊት የምርቶችሽን ዝርዝር በሲኤስቪ፣ ማለትም በኤክሴል በሚከፈት የሠንጠረዥ ፋይል፣ አውርደሽ አስቀምጪ። 11ዱን... አሁን እንኳ 9 ሆነዋል፣ 9ኙን የድሮ ሊንኮች ደግሞ ዛሬውኑ ጻፊያቸው። ከሽያጭ ካወጣሻቸው በኋላ ፈልጎ ማግኘቱ ያስቸግርሻል።