የፍሳሽ ኩሬ አልጌን ለነዳጅ መሰብሰብ፦ ሴንትሪፊዩጅ ያዋጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ውሃው በመቅዘፊያ የሚዞር የፍሳሽ ኩሬ አለን። በቀን 5 ሜትር ኪዩብ ይገባል፣ ያንኑ ያህል አረንጓዴ ውሃ ይወጣል። አልጌው በሊትር 0.3 ግራም ደረቅ ክብደት አለው። ሴንትሪፊዩጅ (ውሃውን በፍጥነት አሽከርክሮ አልጌውን የሚለይ ማሽን) ገዝተን የአልጌውን ዘይት ወደ ባዮዲዝል ልንለውጥ አስበናል። አልሙኒየም ሰልፌት ስንጨምር ጠዋት ይዘቅጣል፣ ከሰዓት ግን ተመልሶ ይንሳፈፋል። ምን ትመክራላችሁ?

ኩሬ ዳር፦
ሴንትሪፊዩጁ ይቅር። 1 ኪሎ ደረቅ አልጌ ለማግኘት 3.3 ሜትር ኪዩብ ውሃ ማሽከርከር አለባችሁ። ለአንድ ሜትር ኪዩብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ቢፈጅ እንኳ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ወጣ። ያ 1 ኪሎ በባዮጋዝ መልክ፣ ማለትም አየር በሌለበት ሲብላላ በሚወጣው ጋዝ፣ የሚመልስላችሁ 0.2 ሜትር ኪዩብ ገደማ ሜቴን ነው፤ በሙቀት ሲሰላ 2 ኪሎዋት ሰዓት። ባዮዲዝሉም አያዋጣም። ፍሳሽ ውስጥ ናይትሮጅን ስለማይጎድል አልጌው ይባዛል እንጂ ዘይት አያጠራቅምም። 15 በመቶ ዘይት ቢገኝ ከቀኑ 1.5 ኪሎ ምርት 225 ግራም ነው፣ ለማድረቂያ የሚጠፋው ኃይል ሳይቆጠር። ስፔን ውስጥ ቺክላና ዴ ላ ፍሮንቴራ ላይ በከተማ ፍሳሽ አልጌ ያበቀለው ኦል ጋዝ ፕሮጀክትም መኪና የነዳው በባዮሜቴን፣ ማለትም ከባዮጋዝ በተጣራ ሜቴን ነው።

ማዝቀጫ፦
የሚያንሳፍፈው ኦክስጅን ነው። ፀሐይ ሲበረታ ውሃው ከአቅሙ በላይ ኦክስጅን ይይዛል፣ ጥቃቅን አረፋ በረጋው አልጌ መሀል ይገባና ሽቅብ ያነሳዋል። ፒኤቹም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) ከሰዓት ከ9 በላይ ስለሚወጣ አልሙኒየም ሰልፌቱ በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ንጋት ላይ ቅዱ፣ ማዝቀጫውንም ጥላ አልብሱት።

መጠኑን በግምት አትጨምሩ። 10 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ ከዚያ 5፣ 10፣ 15 እና 20 ሚሊ ሊትር በአራት ባለ 1 ሊትር ናሙናዎች ላይ ጨምሩ። 1 ደቂቃ በኃይል፣ 15 ደቂቃ በዝግታ አማስሉ፣ 30 ደቂቃ አስቀምጡ። ውሃውን ካጠሩት ውስጥ ትንሹን መጠን ያዙ። ከሁሉ የሚረዳው ግን ከዘቀጠው አንድ አስረኛውን በየቀኑ ወደ ኩሬው መመለስ ነው፦ በቶሎ የሚዘቅጠው ዘር ቀስ በቀስ ይበዛል፣ ኬሚካሉም ይቀንሳል።

ባዮጋዝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፌቱ ባዮጋዝ የሚመረትበት ማብላያ ውስጥ ገብቶ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይሆናል፣ ምድጃና ቧንቧም ይበላል። የሽፈራው ፍሬ ይህ ችግር የለበትም። ቅርፊቱን ልጣችሁ ውስጡን ፍጩ፣ በውሃ በጥብጣችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥሉ፣ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፤ ካደረ ይበላሻል። መጠኑን ከላይ በተባለው መንገድ ፈትኑ።

አልጌ ብቻውን ማብላያ ውስጥ አይግባ። ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ አሞኒያ ይከማቻል፣ ጋዙም ይቀንሳል። በደረቅ ክብደት አንድ እጅ አልጌ ከሁለት እጅ ከብት እበት ጋር ጀምሩ።

ኩሬው በሁለት በሦስት ቀን ከአረንጓዴ ወደ ጥርት ያለ ቡናማ ከተለወጠ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ ነጠብጣቦች ካሉ አልጌውን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። የውሃውን ቆይታ ከ6 ቀን ወደ 3 ወይም 4 ቀን አሳጥሩ፤ ከአልጌው ይልቅ በዝግታ ስለሚባዙ ከውሃው ጋር ታጥበው ይወጣሉ።