ጥያቄ፦ ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል፤ መኪናውና ብርዱ እንዴት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ጓደኛሞች ነን። ኅዳር ላይ ዓርብ ከሥራ በኋላ ከአዲስ አበባ ወጥተን መንዝ ጓሳ ሁለት ሌሊት አድረን እሑድ ማታ ለመመለስ አስበናል። አንድ የቆየ ባለ ናፍጣ ላንድክሩዘርና አንድ ራቭ ፎር አለን። ልጆቹ ከመንገድ ወጥተን ሜዳውንና ዳገቱን እንፈትነው እያሉ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ዳር ድንኳን ውስጥ አድሬ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው የነጋልኝ። ከሰል አቀጣጥለን ድንኳኑ ውስጥ ብናስገባስ? ራቭ ፎሩስ ይወጣዋል?

የመንዝ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ከከሰሉ ልጀምር። ድንኳን ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡት። ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ቢቀር እንኳ የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚወስደው። አንድ ክረምት እናቴ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘግታ ተኛች። ስጠራት መልስ አጣሁ። በሩን ስከፍተው ፍሙ ገና ቀይ ነበር፤ እሷ ግን ራሷን ማንሳት አቅቷት ነበር። ጎትቼ ደጅ አወጣኋት፣ ተረፈች። የድንኳን ጨርቅ ደግሞ በአመዳይ ሲርስ አየር አያሳልፍም።

ብርዱን በሌላ መንገድ ቻሉት። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከላይ ከምትደርቡት ይልቅ ከሥር የምታነጥፉት ይበልጣል፤ የሰውነታችሁን ሙቀት የሚስበው መሬቱ ነው። ወፍራም ፍራሽ ወይም ሁለት እጥፍ ስፖንጅ ያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ፣ ብርድ ልብስና የሱፍ ኮፍያ ይኑረው። ስትተኙ ካልሲ ቀይሩ፤ ቀን የዋለበት ላብ ያለው ካልሲ ሌሊት እግር ያቀዘቅዛል። የፈላ ውኃ ሙቀት በሚችል ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት፣ ክዳኑን ግን ሁለቴ አይታችሁ።

ሾፌሩ፦
የመኪናውን እኔ ልመልስ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ጓሳ ላይ ሲደርስ ሲሶው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ላንድክሩዘሩ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አትደናገጡ፤ ማርሽ ቀንሱለት። ከመውጣታችሁ በፊት ካንዴላውንና ባትሪውን አስፈትሹ፤ ጠዋት አልነሳ የሚለው በዚህ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ብቻ ካለ አንቲፍሪዝ ጨምሩ።

ራቭ ፎሩ ዋናውን መንገድ ይወጣዋል፤ ችግሩ ሆዱ ዝቅ ማለቱ ነው። መረሬ አፈር ላይ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጎማውን እንደ ሊጥ ይለብጠዋል፤ ያኔ ጋዝ በረገጣችሁ ቁጥር ትሰምጣላችሁ። ጠጠር ላይ ከጎማው ከሩብ ያልበለጠ አየር አስተንፍሱ፣ አስፋልት ስትመለሱ መሙያ ያስፈልጋችኋል። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ፣ ጠንካራ ካቦና አካፋ ያዙ። ናፍጣውንም ቤንዚኑንም ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ አድርጉ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በደሴ መንገድ ወደ ጣርማ በር ሄዳችሁ ዋሻው ሳትገቡ በስተ ግራ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ። ዓርብ ማታ ግን ከደብረ ብርሃን እንዳታልፉ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የፊት መብራትህ ነጭ ግድግዳ ላይ የምታበራ ይመስልሃል፤ ከባድ መኪናም በብዛት ያልፍበታል። ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ አንድ ሌሊት ማደር ከፍታው ለሚያመጣው ራስ ምታትም ይረዳል።

ጓሳ ጠባቂ፦
አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ከመንገድ ወጥታችሁ ሜዳው ላይ አትንዱ። ጓሳ ባዶ ሜዳ አይደለም። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት የጠበቁት ሣር ነው፤ ዓመታት ታግዶ ቆይቶ ሲከፈት ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከሥሩ የአይጦቹ ጉድጓድ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እነሱን አድኖ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። መኪና አንዴ ያለፈበት ጎማ ምልክት በሚቀጥለው ክረምት የውኃ ቦይ ሆኖ እንደሚጠብቀን በዓይናችን አይተናል።

ውሻም አታምጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮው ይተላለፋል። ማኅበረሰቡ ባዘጋጀው የማደሪያ ቦታ ስፈሩ፣ ክፍያውን ከፍላችሁ ስካውት ይዛችሁ በእግር ውጡ። ማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወደ ሣሩ ሲመጡ ታገኟቸዋላችሁ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። የከሰሉን ነገር ለሁሉም አንብቤላቸዋለሁ፣ ትተነዋል። ሜዳው ላይ መንዳቱም ቀርቷል። ምግብስ? አንዱ ባቄላ ይዞ እንቀቅላለን ይላል።

የደብረ ሲናዋ፦
ባቄላውን ቤት ቀቅላችሁ ሂዱ ልጆቼ። ከፍታ ላይ ውኃ ወደ 89 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሲንተከተክ ያያችሁት ነገር አልበሰለም። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የተጠበሰ ቋንጣ ውሰዱ። ማገዶ እዚያ አትልቀሙ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከቤት ያዙ፣ የምታበስሉትም ከድንኳን ውጭ ይሁን። እሑድ ዋሻውን አልፋችሁ ወደ እኛ ብትወርዱ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ እየረገጡ የሚወርዱ መኪኖች ሽታቸው መንደራችን ድረስ ይመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ደህንነት ጓሳ ላሉት ደውላችሁ ጠይቁ፤ በዕለቱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጠያቂ፦
ነገ ጠዋት እደውላለሁ እትዬ። ባቄላውም ሐሙስ ማታ እኛ ቤት ይጣዳል።