ሜሪዲያን ወይስ ቲቢኤም 850? ያገለገለ ባለ አንድ ሞተር ቱርቦፕሮፕ ራስ ለማብረር

ዳላስ_ሰማይ፦
ሰላም ወገኖች። ከሲረስ ኤስአር22 (ባለ ፒስተን ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ወደ ቱርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን ተርባይን የሚያዞርለት) ልሸጋገር ነው። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ፈቃድ) አለኝ፣ 700 ሰዓት በርሬአለሁ። መስመሩ ዳላስ–ዋሽንግተን፣ 1,000 ናውቲካል ማይል ገደማ፤ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ከነሻንጣ። ዓይኔ ያረፈው በ2004 ፓይፐር ሜሪዲያንና በ2007 ቲቢኤም 850 ላይ ነው። የቲቢኤሙ ሞተር 1,650 ሰዓት ሠርቷል፤ ሻጩ «ገና ግማሽ ዕድሜው ነው» ይላል። የምኖረው በግሪን ካርድ ነው፤ በራሴ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ስም ላስመዝግበው?

ክንፍና_ሚዛን፦
መጀመሪያ ክብደት አስላ። የሜሪዲያን ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 5,092 ፓውንድ ነው። ታንኩ 170 ጋሎን ይይዛል፤ ጄት ኤ (የተርባይን ነዳጅ) በጋሎን 6.7 ፓውንድ ስለሆነ ነዳጁ ብቻ 1,139 ይመዝናል። ባዶ ክብደቱ 3,400 ከሆነ (ብሮሹሩን ተወው፣ የራሱን የሚዛን ወረቀት ጠይቅ) ለሰውና ለሻንጣ የሚተርፍህ 550 ያህል ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ነዳጅ መቀነስ ሊኖርብህ ነው።

በብርዱ ወራት ወደ ዳላስ ስትመለስ 50 ኖት (በሰዓት 50 ናውቲካል ማይል) የፊት ነፋስ ቢገጥምህ፣ 260 ኖት የሚበረው ሜሪዲያን 4 ሰዓት ከ45 ይፈጃል፤ በሰዓት 38 ጋሎን ሲቆጠር 180 ጋሎን ነው። ታንኩ አይበቃም፣ ሜምፊስ ወርደህ ትቀዳለህ። 320 ኖት የሚበረው ቲቢኤም በ3 ሰዓት ከ42 ይገባል፤ ታንኩ ከሚይዘው 280 ጋሎን 220 ያህሉን ጨርሶ።

ትኩስ_ክፍል፦
«ግማሽ ዕድሜ» አያታልልህ። የቲቢኤሙ ሞተር፣ ፒቲ6ኤ-66ዲ፣ ኦቨርሆሉ (ሙሉ ተፈትቶ መታደሱ) በ3,500 ሰዓት ነው፤ በ1,750 ደግሞ የሆት ሴክሽን (የቃጠሎ ክፍሉና የተርባይኑ) ምርመራ አለ። በገዛህ በ100 ሰዓት ውስጥ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሂሳብ ይመጣብሃል፤ ከዋጋው ላይ አስቀንሰው። በግል በረራ ኦቨርሆሉ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ መልሰህ ስትሸጠው ግን ገበያው ያስገድድሃል።

የሚመረምረው መካኒክ የሻጩ የዘወትር መካኒክ አይሁን። ቦርስኮፑን (ቀጭን የመመርመሪያ ካሜራ) በነዳጅ ኖዝሎቹ (መርጫዎቹ) ቀዳዳ አስገብቶ የቃጠሎ ክፍሉንና የተርባይኑን ቢላዎች ይይ። ኖዝል ሲደፈን ነበልባሉ ተዛብቶ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ብረት የሚበላው ያ ነው። የትሬንድ መዝገቡንም (የሞተሩን ንባቦች ለውጥ በጊዜ የሚያሳየውን) ጠይቅ፦ በተመሳሳይ ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) እና ከፍታ አይቲቲውም (በተርባይኖቹ መካከል ያለው ሙቀት) የነዳጅ ፍሰቱም እየጨመሩ ከመጡ ወይ ኮምፕረሰሩ (አየር መጭመቂያው) ቆሽሿል ወይ ሞተሩ ደክሟል። ታጥቦ ካልተስተካከለ ተወው።

ሆት ስታርት (ሲነሳ ከልክ በላይ መጋል) ገጥሞት እንደሆነም አጣራ። ባትሪ ደክሞ ኤንጂ (የኮምፕረሰሩ ፍጥነት) 13 በመቶ ሳይደርስ ነዳጅ ከተከፈተ አየር ስለሚያንስ አይቲቲ ይተኮሳል። ጣሪያው 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ሰከንድ ነው። ወደዚያ ሲገሰግስ ካየህ አትጠብቅ፤ ነዳጁን ዝጋ፣ ስታርተሩ (ማስነሻ ሞተሩ) እየዞረ አየር ያናፍስበት።

ወረቀት_ፈታሽ፦
ኤልኤልሲውን እርሳው። ግሪን ካርድ ያለው ግለሰብ በራሱ ስም የኤን ቁጥር (የአሜሪካ አውሮፕላን መለያ) ማውጣት ይችላል። ኩባንያ ግን የአሜሪካ ዜጋ ለመባል ቢያንስ 75 በመቶው ድምፅ በዜጎች እጅ፣ ከኃላፊዎቹም ሁለት ሦስተኛው ዜጎች መሆን አለባቸው። ለዚህ ስሌት ግሪን ካርድ አይቆጠርም። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ኦክላሆማ ሲቲ ካለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን) መዝገብ አስፈትሽ፤ ገንዘቡም በሦስተኛ ወገን ይያዝ።

ሁለቱም ከ12,500 ፓውንድ በታች ስለሆኑ አሜሪካ ውስጥ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሰጥ የአብራሪ ፈቃድ) አይጠየቅም። የሲረስ ጎማ ስለማይታጠፍ ግን የኮምፕሌክስ ማረጋገጫ (ጎማው ለሚታጠፍ አውሮፕላን የአሠልጣኝ ፊርማ) ላይኖርህ ይችላል፤ የከፍተኛ ከፍታ በረራ ማረጋገጫም ያስፈልግሃል። ኢንሹራንስ ከሕጉ ይብሳል፦ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ሥልጠና፣ መጀመሪያ ላይም ልምድ ካለው አብራሪ ጋር የተወሰነ ሰዓት ይጠይቃል። ዋጋ ሳትደራደር የኢንሹራንሱን ኮቴሽን (የዋጋ ማቅረቢያ) አስወጣ።

ዳላስ_ሰማይ፦
ተባረኩ። ከሲረስ ለሚመጣ ሰው የቲቢኤም ክፉ ጠባዩ የቱ ነው?

ትኩስ_ክፍል፦
ማረፍ ትተህ መልሰህ ስትነሳ። ፍላፕ (በዝግታ ለመብረር የሚወርደው የክንፍ ክፍል) ወርዶ የሚፈቀደው 700 የፈረስ ጉልበት ነው፤ 850ው ፍላፕ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በዝግታ እየበረርክ 700ውን በአንዴ ከገፋኸው አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል፣ ግራ ክንፉም ይወርዳል። ቀኝ እግርህን አስቀድም፣ የሞተር ጉልበት ማንሻውን ቀስ እያልክ ግፋ፤ ቶርኩን የሚገድብልህ ኮምፒውተር የለውም።