ጥያቄ፦ ወላጆቼን አዲስ አበባ ታሪካዊ ሆቴል ላሳድራቸው፤ የቱ ይሻላል?

ጠያቂ (ከጂሬን)
ሰላም የጅማ ልጆች። አባቴና እናቴ ከተጋቡ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው። አዲስ አበባ ወስጄ ጥሩ ሆቴል ላሳድራቸው አስቤያለሁ። አዲስ የመስታወት ፎቅ አልፈልግም፤ አባቴ "ይሄ በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ ነው" ማለት ይወዳሉ። ጣይቱ ይሻላል ወይስ ሂልተን? እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። አባቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ከመንደራ
ወንድሜ፣ ሁለቱ አይወዳደሩም። ፒያሳ ያለው ጣይቱ እቴጌይቱ ያቋቋሙት፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በታሪክ የሚበልጠው የለም። በጥር 2007 ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር፤ ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት ያኔ ነው የወደመው። ቅንጦት ግን አትጠብቅ። የእንጨት ደረጃ ነው፣ ወለሉ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። ርካሾቹ ክፍሎች መታጠቢያቸው የጋራ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው አልመክርም።

ሂልተን የተከፈተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የአባትህ ጃንሆይ አሉበት ማለት ነው። መዋኛው የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ይዞ የተሠራ ነው። ውሃው ደግሞ ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ ስለሆነ ሞቅ ያለ ነው። ለጉልበት ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?

ከአጂፕ
ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን ዋጋ እንዳታምን። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቫቱ የሚሰላው አገልግሎቱ ከተደመረ በኋላ ነው። 10,000 ብር የተባለው ክፍል 12,650 ሆኖ ይመጣል። ምግቡም እንደዚሁ። አንድ ትልቅ ሆቴል እራት ጋብዤ ቢሉ ሲመጣ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። መግቢያ 14:00 ካሉህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሌሊት ተነስታችሁ በጠዋት ብትደርሱ ሎቢ ላይ ትቀመጣላችሁ።

ከመርካቶ
ለእናትህ ጾም ከዋዜማው ማታ ለአስተናጋጁ ንገረው። የቁርስ ቡፌው ላይ ጾም የሚመስል ብዙ ነገር አለ፤ ኬኩና ክሩዋሳኑ ግን ቅቤና እንቁላል አለባቸው። "ፉል ያለ ቅቤ፣ የጾም ፍርፍር" ብለህ በግልጽ እዘዝ። እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። አስተናጋጁ "ችግር የለም" ሲለኝ አልተወውም፣ ሼፉን ጥሩልኝ እላለሁ። ትልቅ ሆቴል ማንም አይቆጣህም።

ቡናውን ግን አባትህ አይወዱትም። የማሽን ቡና ለጅማ ሰው! ጀበና የሚያፈሉበት ካለ ወደዚያ ውሰዳቸው።

ከፈረንጅ አራዳ
እኔ ብሆን ሐሙስ ገብቼ አንድ ሌሊት ሂልተን አሳድራቸዋለሁ። ዓርብ ምሳ ጣይቱ። የጾም ቡፌው የታወቀ ነው፤ እናትህ ሳትጨነቅ የፈለገችውን ታነሳለች። ከመሄዳችሁ በፊት መኖሩን ደውለህ አረጋግጥ። የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ነው። ሁለቱንም አየህ፣ የአንድ ሌሊት ሂሳብም አተረፍክ።

ጠያቂ (ከጂሬን)
ይሄ ሐሳብ ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዋጋው በዶላር ነው የተጻፈው፤ በብር መክፈል ይቻላል? ከዚህስ በመኪና ልውሰዳቸው?

ከአጂፕ
በብር ትከፍላለህ፣ በዕለቱ ምንዛሬ ያሰሉልሃል። ስትደውል "የነዋሪ ዋጋ አላችሁ ወይ?" በል፤ ካልጠየቅህ የሚነግርህ የለም። የሁለቱንም መታወቂያ ያዝ። ሲገቡ ማስያዣ ብር ይጠይቁሃል፣ ከሒሳብ የተረፈውን ይመልሳሉ። ክፍሉ ውስጥ ካለው ትንሽ ፍሪጅ የሚነሳው ሁሉ ይቆጠራል፤ ለእናትህ ቀድመህ ንገራት።

ከመንደራ
መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚያ ጉልበት አውሮፕላን ይሻላል፣ ከአባ ጅፋር ኤርፖርት ተነስታችሁ ሻይ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። ክፍሉን ስትይዝ "ለሊፍት የቀረበ ይሁን" በላቸው። የዋና ልብስም ገዝተህ ያዝላቸው፤ በሱሪ ተጠቅልሎ መግባት የለም።