የጦር ሠራዊት የአየር ትንበያ ሥራ እንዴት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ፊዚክስ ተመርቄ ቁጭ ብያለሁ። አየር ኃይል ውስጥ የአየር ትንበያ የሚሠሩ አሉ ሲባል ሰማሁና ልቤ ሄደ። አባቴ ግን «ሰማይ ለማየት ወታደር መሆን ምን ያደርጋል፣ እኔ ደጅ ወጥቼ አይ የለም ወይ» ብሎ ሳቀብኝ። ሥራው ምንድን ነው? ሲወጡስ እንጀራ ይሆናል?

ጡረተኛው መንዜ፦
ልጄ፣ አባትህ በግማሽ እውነት አላቸው። ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ አብዛኛው ማየት ነው። ግን በየሰዓቱ ታያለህ፣ ያየኸውንም በቁጥር ትጽፋለህ፤ ሜታር እንለዋለን። እይታው ስንት ሜትር ነው፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ ብሏል፣ ነፋሱ ከየት ነው፣ ግፊቱ ስንት ነው። ግፊቱን ከሳትክ የአብራሪው ከፍታ መለኪያ ይዋሸዋል። ሙቀትም ቀላል አይደለም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳና ያው አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወይ ጭነት ይቀነሳል ወይ በማለዳ ይነሳል።

ከባዱ ሌላ ነው። አዛዥ «ምናልባት» አይወድም። ጀማሪ ሳለሁ አንዱ «ይበረራል አይበረርም?» ሲለኝ ፊቱን አይቼ ፈራሁና «አሁን ይገለጣል» አልኩ። ጉሙ እስከ አምስት ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ሄሊኮፕተሩ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ይበላል፣ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ከዚያ ወዲያ «ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» ማለት ለመድኩ።

ቀይት፦
ይቅርታ ጋሼ፣ ትንበያችሁ ለአውሮፕላን እንጂ ለገበሬ መቼ ሆነ? አምና ባቄላችንን ውርጭ ሲመታው ማን ነገረን?

ጡረተኛው መንዜ፦
ንዴትሽ ይገባኛል እህቴ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ነውና ወደ ረባዳው ወርዶ ይተኛል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል፣ ሜዳው ይመታል። ትንበያ ለሰፊ አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ውርጭ ግን ማሳ ይመርጣል። እዚያው ቀበሌ መለኪያና በሰዓቱ የሚያነብ ሰው ከሌለ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማን ሊያየው ነው? የአንድ ጣቢያ ንባብ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ የተደረገው የኖርማንዲ ዘመቻ ከጁን 5 ወደ 6 የተገፋው ስታግ የሚባለው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሚቲዎሮሎጂስት (የአየር ትንበያ ባለሙያ) ማዕበል አለ ስላለ ነው። እሱ ደግሞ ከተመካባቸው መረጃዎች አንዱ አየርላንድ ጠረፍ ላይ ካለች ብላክሶድ ከምትባል ጣቢያ የመጣ ንባብ ነበር።

የአርባ ምንጩ፦
ስለ እንጀራው እኔ ልመልስ። ሚቲዎሮሎጂ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል። ከሠራዊት ከወጣህም ኤርፖርት አለ፣ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ የበጋ፣ የበልግ፣ የክረምት ትንበያ የሚያወጣው እሱ ነው። ደሞዙን ተወው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብርድ ላይ ቆሞ የአየር መለኪያ የያዘ ፊኛ ወደ ሰማይ መልቀቅ ግን ለደብረ ብርሃን ልጅ ምንም አይደል 😄

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ፣ ለአባቴ አነበብኩለት። «እንግዲያው ነገ ገብሱን ልውቃ ወይስ ይቆይ፣ ጠይቀው» ብሏል።

ጡረተኛው መንዜ፦
መጀመሪያ ደጅ ይውጡና ደመናው በየት በኩል እንደሆነ ይንገሩኝ። ከጣርማበር በኩል ከሆነ ሸራ አቅርቡ።