ኪፍሬም ለማለስለስ ፕለጊን ልግዛ ወይስ በግራፍ ኤዲተሩ ልሥራ?

ጠያቂ፦ ሞሽን ከሳቢያን

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ለሱቆችና ለካፌዎች በስክሪን የሚታዩ አጫጭር ማስታወቂያዎችን በአፍተር ኢፌክትስ (ምስልንና ጽሑፍን በሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር) እሠራለሁ። ሥራዎቼ በአብዛኛው የሱቁ ስም፣ የዕቃው ፎቶና ዋጋው ተራ በተራ ከስክሪኑ ውጭ ገብተው ቦታቸውን የሚይዙባቸው ናቸው። ሁሉንም ኪፍሬሞች (አንድ ነገር በየትኛው ቅጽበት የት እንደሚሆን የሚወስኑ ምልክቶች) መርጬ ኤፍ 9 በመጫን ኢዚ ኢዝ አደርጋቸዋለሁ፤ ማለትም አነሣሣቸውንና አቋቋማቸውን አለሰልሳለሁ። እንቅስቃሴው ለስላሳ ቢሆንም፣ ስሙም ፎቶውም ዋጋውም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ስለሚገቡና ስለሚቆሙ ሥራው ክብደት ያጣብኛል።

ሁለተኛው ችግሬ አሁን በያዝኩት ሥራ ላይ የገጠመኝ ነው። ዕቃ በባጃጅ ለሚያደርስ ሱቅ በምሠራው ማስታወቂያ፣ የተሣለች ባጃጅ በከዚራ ዛፎች መካከል በሚጠማዘዝ መንገድ ላይ ትሄዳለች። መንገዱ አምስት ኪፍሬሞች አሉት፤ ኢዚ ኢዝ ሳደርግ ባጃጇ በየኪፍሬሙ ቆማ እንደገና ትነሣለች፣ ስተወው ደግሞ ከአንዱ ኪፍሬም ወደ ሌላው ፍጥነቷ በድንገት ይለዋወጣል።

ፍሎው የተባለውን ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ብዙ ሰዎች ያመሰግኑታል። ይሁን እንጂ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከማስቸገሬ በፊት በእርግጥ ችግሬን የሚፈታልኝ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ፍሬም በፍሬም (ሐረር)

ጤና ይስጥልኝ። ፕለጊኑ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የገለጿቸው ሁለቱም ችግሮች ያለ እርሱ የሚፈቱ በመሆናቸው ዘመድዎን ገና አያስቸግሩ።

በመጀመሪያ ኤፍ 9 ምን እንደሚሠራ በቁጥር እንየው። ኢዚ ኢዝ በኪፍሬሙ ላይ ፍጥነቱን ዜሮ፣ ኢንፍሉዌንሱን (ማለስለሱ በኪፍሬሞቹ መካከል ካለው ጊዜ ምን ያህሉን እንደሚነካ) ደግሞ 33.33 በመቶ ያደርጋል። የእርስዎ ፕሮጀክት በሰከንድ 25 ፍሬም ነው እንበልና፣ የሱቁ ስም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 1000 ፒክሰል ይጓዝ። ኪፍሬሞቹ ሊኒየር (ያልለሰለሱ) ከሆኑ ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየፍሬሙ 40 ፒክሰል ይሄዳል። በኢዚ ኢዝ ግን በመጀመሪያው ፍሬም 5 ፒክሰል ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ መሐል ላይ በፍሬም ወደ 60 ፒክሰል ይደርሳል፣ ከዚያም በጀመረበት አኳኋን ዝግ ብሎ ይቆማል። ከፍተኛው ፍጥነት ከአማካዩ የሚበልጠው አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። እርስዎ ክብደት ያጣል ያሉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ በዝግታውና በፍጥነቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፣ አነሣሡና አቋቋሙም ፍጹም እኩል ናቸው።

አሁን ሁለቱን ኪፍሬሞች መርጠው በቀኝ ክሊክ ኪፍሬም ቬሎሲቲን ይክፈቱና ኢንፍሉዌንሱን በሁለቱም በኩል 75 በመቶ ያድርጉት። ርቀቱም ጊዜውም አልተለወጠም፤ ነገር ግን ጽሑፉ በመጀመሪያው ፍሬም አንድ ፒክሰል ያህል ብቻ ይነቃነቃል፣ መሐል ላይ ደግሞ በፍሬም ወደ 160 ፒክሰል ይወነጨፋል። በዚህ ፍጥነት እንቅስቃሴው ተቆራርጦ እንዳይታይ ሞሽን ብለርን (የእንቅስቃሴ ብዥታን) ማብራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆን የለባቸውም የሚለውን ነው። ከስክሪን ውጭ የሚገባ ነገር ሲነሣ ተመልካቹ አያየውም። ስለዚህ የመነሻው ዝግታ ለማንም ሳይታይ ጊዜ ይበላል፤ ስክሪኑ ለጥቂት ፍሬሞች ባዶውን ይቆያል፣ የማስታወቂያው አካሄድም በዚያው ይጎተታል። ለሚገባ ነገር መነሻውን በፍጥነት ጀምረው ማረፊያውን ከ80 እስከ 90 በመቶ ኢንፍሉዌንስ ይስጡት። ለሚወጣ ነገር ተቃራኒውን ያድርጉ። በስክሪኑ ላይ ካለ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለሚዛወር ነገር ብቻ ሁለቱንም ጎን ማለስለስ ተገቢ ነው። ስሙ፣ ፎቶውና ዋጋው እንዲለያዩም የማረፊያውን ኢንፍሉዌንስ ይለያዩት፤ ትልቁ ፎቶ ረጅም ማረፊያ ይኑረው፣ ዋጋው በአጭሩ ይረፍ።

ወደ ባጃጇ ስንመጣ፣ ፍጥነቱ በየኪፍሬሙ ዜሮ ስለሆነ መቆሟ የሚጠበቅ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ኪፍሬም ብቻ ኢዚ ኢዝ ያድርጉ። መሐል ያሉትን ሦስቱን መርጠው በቀኝ ክሊክ ሮቭ አክሮስ ታይም የሚለውን ይምረጡ። ሶፍትዌሩ የመንገዱን ቅርጽ ሳይነካ የመሐሎቹን ኪፍሬሞች ጊዜ ራሱ ያስተካክላል፤ ባጃጇም ከመነሻ እስከ መድረሻ ባንድ ያልተቋረጠ የፍጥነት መስመር ትጓዛለች። ይህ የሚሠራው እንደ ፖዚሽን ባሉ የቦታ ኪፍሬሞች ላይ እንጂ በስኬል (መጠን) ወይም በኦፓሲቲ (ድፍንነት) ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራፍ ኤዲተሩን (የእንቅስቃሴውን መስመር የሚያሳየውን መስኮት) ሲከፍቱ የቫልዩ ግራፍና (ቦታውን የሚያሳይ) የስፒድ ግራፍ (ፍጥነቱን የሚያሳይ) የሚባሉ ሁለት እይታዎች ያገኛሉ። ፖዚሽን ወደ አግድምና ቁመት ሳይነጣጠል በቫልዩ ግራፍ ላይ መስመሩን በእጀታ መሳብ ስለማይቻል፣ ብዙ ጀማሪዎች ግራፉ አልሠራም ብለው ይተዉታል። ሴፓሬት ዳይሜንሽንስ በሚለው ትእዛዝ ቢነጣጥሉት ይፈቀድልዎታል፤ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ያለውን የመንገዱን መጠማዘዣ እጀታ ያጣሉ። ስለዚህ ለባጃጇ ፖዚሽኑን ሳይነጥሉ በስፒድ ግራፍ፣ ቀጥ ብለው ለሚገቡት ጽሑፎች ግን ነጥለው በቫልዩ ግራፍ ይሥሩ።

መልስ፦ ኤክስፕሬሽን ወዳድ

በሐረሩ ወንድማችን ማብራሪያ እስማማለሁ። ስለ ፕለጊኖቹ በቀጥታ ስለጠየቁ ግን፣ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ማወቁ ከመግዛትዎ በፊት ይጠቅምዎታል።

ፍሎው በሁለት እጀታዎች የሚሣል አንድ መስመር አቅርቦ ያንን በመረጧቸው ኪፍሬሞች ላይ ይጽፋል። ውጤቱ ተራ ኪፍሬም ስለሆነ ፋይሉን ፕለጊኑ ለሌለው ሰው ቢልኩትም እንቅስቃሴው አይለወጥም። ጥቅሙ መስመሩን አስቀምጦ በሌላ ሥራ ላይ በአንድ ክሊክ መድገም ነው። ለድረ ገጽ ከሚሠሩ ፕሮግራመሮች ጋር የሚሠራ ሰውም ይጠቀምበታል፤ ምክንያቱም እነርሱ ኩቢክ ቤዚየር ብለው በአራት ቁጥር የሚጽፉት መስመር ያው ነው። የኤፍ 9 መስመር በእነርሱ አጻጻፍ 0.33፣ 0፣ 0.67፣ 1 ይሆናል።

ኢዝ ኤንድ ዊዝ የተባለው ፕለጊን ደግሞ በኤክስፕሬሽን (በሶፍትዌሩ ውስጥ በሚጻፍ አጭር ኮድ) የሚሠራ ነው፤ ሮበርት ፔነር ፍላሽ ለተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ጽፏቸው የተስፋፉትን የኢዚንግ (የማለስለስ) ቀመሮች ይጠቀማል። እንደ ኳስ መንጠርና እንደ ላስቲክ መርገብገብ ያሉትን ያለ ተጨማሪ ኪፍሬም ይሰጣል፤ እነዚህን በሁለት እጀታ ብቻ በሚሣል መስመር ማግኘት አይቻልም። ነገር ግን ሥራውን ወደ ሎቲ (ለድረ ገጽና ለስልክ የሚሆን የአኒሜሽን ፋይል ዓይነት) ለመላክ ካሰቡ፣ ኤክስፕሬሽን በሁሉም ማጫወቻ ላይ ስለማይሠራ አስቀድመው ኮንቨርት ኤክስፕሬሽን ቱ ኪፍሬምስ በሚለው ትእዛዝ ወደ ኪፍሬም መቀየር ይኖርብዎታል።

የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፦ የትኛው መስመር ለየትኛው ዕቃ እንደሚስማማ አይነግሩዎትም። ሁሉንም ነገር ዝግጁ በሆነ አንድ መስመር ያለሰለሰ ሰው በኤፍ 9 ከሚሠራው ሰው የተለየ ውጤት አያገኝም።

መልስ፦ ሦስት አቅጣጫ

ብሌንደር የተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ከ2.71 እትም ጀምሮም እነዚያ የፔነር ቀመሮች በውስጡ አብረው ይመጣሉ። ኪፍሬሙን መርጠው በግራፍ ኤዲተሩ ላይ ቲ (T) የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ሳይን፣ ኩቢክ፣ ባክ፣ ባውንስና ኢላስቲክ ይዘረዘሩልዎታል፤ ኮንትሮልንና ኢ (E) የሚለውን ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ደግሞ ማለስለሱ በመነሻው ወይስ በመድረሻው ይሁን ብለው ይመርጣሉ። ለጽሑፍ ማስታወቂያ ሶፍትዌር ይቀይሩ አልልም፤ ነገር ግን የቀመሮቹን ልዩነት በዓይን ለመለየት ገንዘብ የማይጠይቅ መለማመጃ ነው።

ጠያቂ፦ ሞሽን ከሳቢያን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባጃጇ ጉዳይ በሮቭ አክሮስ ታይም ተፈቷል፤ ስሙና ፎቶውም አሁን በተለያየ ክብደት ያርፋሉ። ፕለጊኑን ለጊዜው አልገዛም። የቀረኝ አንድ ጥያቄ አለ። የሱቁ ስም ፊደል በፊደል እየወረደ እንዲገባ ቴክስት አኒሜተር (ጽሑፍን በፊደል ከፋፍሎ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ተጠቅሜያለሁ፤ ኦፍሴቱ (እንቅስቃሴውን በፊደላቱ ረድፍ ላይ የሚያሳልፈው ቁጥር) ላይ ኤፍ 9 ባደርግም እያንዳንዱ ፊደል ግን ሲያርፍ ድርቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ስሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ ነው የሚጻፈው።

መልስ፦ ፍሬም በፍሬም (ሐረር)

በኦፍሴቱ ላይ የሚደረግ ማለስለስ የሚነካው የረድፉን አጠቃላይ ጉዞ ነው፤ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ፊደላት ይዘገያሉ፣ የመሐሎቹ ይፈጥናሉ እንጂ የአንዱ ፊደል ማረፍ አይለሰልስም። ለዚያ የሚሆነው በሬንጅ ሴሌክተሩ አድቫንስድ ክፍል ውስጥ ያለው ኢዝ ሎው ነው። ሼፑን ራምፕ አፕ ያድርጉ፣ ኦፍሴቱን ከአሉታዊ 100 ወደ 100 በሊኒየር ኪፍሬም ያስኪዱ፣ ከዚያም ኢዝ ሎውን 100 በመቶ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ፊደል ቦታው ሲደርስ ዝግ እያለ ያርፋል።

ቋንቋዎቹን በተመለከተ፣ የአማርኛው ፊደል አናባቢውን በራሱ ስለያዘ በካራክተር ቢከፋፈል ምንም አይጎድልበትም፤ የኦሮምኛውም እንዲሁ በካራክተር ይሄዳል፣ ብቻ የአንድ ቃል ፊደላት በቁጥር ስለሚበዙ ጊዜውን ትንሽ ያስረዝሙለት። ዐረብኛው ግን ፊደላቱ ተያይዘው የሚጻፉ ስለሆነ ቤዝድ ኦን የሚለውን ወደ ዎርድስ ቀይረው ቃሉን በሙሉ ያስገቡት። ሦስቱ መስመሮች በአንድ ፍሬም ላይ አርፈው እንዲጨርሱ ከመጨረሻው ኪፍሬም ወደ ኋላ እየቆጠሩ መነሻቸውን ያስቀምጡ።